ጠያቂ ያልተገኘለት ወንድም

አባቴ እናቴን ቀብረው ከአዲስ አበባ መጥተው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመሩ በኋላ፣ ስለ ወንድማቸው ለረጅም ጊዜ አንድም ቃል አልተነፈሱም። አልገረመኝም። አጎቴ በቤታችን ወሬ ውስጥ ሁልጊዜ ሃያዎቹን ገና የጀመረ ተማሪ ነበር። ንጉሡ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ በስኮላርሺፕ አሜሪካ ሄደ፣ ጥቂት ደብዳቤዎች ጻፈ፣ ከዚያ ጠፋ። ከአባቴ በጥቂት ዓመት ብቻ እንደሚያንስ እያወቅኩም አንቱ ብዬ ላስበው አልቻልኩም። ለእኔ ፎቶግራፍ ላይ ያለ ልጅ ነው፤ ኮሌታው የሰፋ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ።

ወሬው የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አባቴን የየት አገር ሰው እንደሆኑ ጠየቋቸው። አባቴ ደብረ ብርሃን ብለው የአያቴን ስም ሲጠሩ ሽማግሌው ኩባያቸውን አስቀመጡ።

«አባቱ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አውቅ ነበር» አሉ። «አሌክሳንድሪያ አብረን ታክሲ ስንነዳ። ቀጭን ነው፣ ዝምተኛ። ሲያዳምጥ አንገቱን እንዲህ ያደርጋል።»

አንገታቸውን ዘንበል አደረጉት። አባቴ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«እኔ ታክሲውን ከተውኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። ያኔ ሚስት አግብቶ ነበር። ቤትም ገዝተው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

ቤቱ ያለበትን መንገድ ግን ያስታውሱ ነበርና የመንገዱን ስም ነገሩን። ወደ ቤት ስንመለስ ታኮማ ፓርክ መብራት ላይ ቆመን አባቴ ዞር አሉ።

«እዚህ አገር ሰው ቤት ሲገዛ ይጻፋል፣ አይደል?»

«ይጻፋል፣ አባባ።»

«ሲያገባስ?»

«እሱም ይጻፋል። ካውንቲው፣ እንደ አውራጃ ማለት ነው፣ ያስቀምጠዋል።»

«እንግዲያው ተገኘ ማለት ነው» አሉ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የተጻፈ ነገር አይጠፋም ብለው ያምናሉ።

እኔ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ሰኞ ሰኞ ኦፍ ነኝ። በሚቀጥለው ሰኞ በከተማው ዙሪያ የሚሄደውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን ይዘን፣ ድልድዩን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ሄድን። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው ነበር። ፍርድ ቤቱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ያለችው ክለርክ፣ የመዝገብ ሠራተኛዋ፣ መንገዱን ስነግራት ካርታ ከፍታ አየች።

«ይሄ አሌክሳንድሪያ ይባል እንጂ ከተማው ውስጥ አይደለም» አለችኝ። «ካውንቲው ውስጥ ነው ያለው። አሌክሳንድሪያ የሚለው ፖስታ ቤቱ ነው። የሱ መዝገብ እዚያ ነው የሚገኘው፤ እኛ ጋ የለም።»

አባቴ ሰምተዋል፤ ግን ለማመን ፈልገው በአማርኛ ጠየቁኝ። «ሁለት አሌክሳንድሪያ አለ ነው የምትለው?»

«አንድ ነው፤ ግማሹን ከተማው፣ ግማሹን ካውንቲው ነው የሚያስተዳድረው።»

«እኛ ደብዳቤ ላይ አሌክሳንድሪያ ብለን ነበር የምንጽፍለት» አሉ፤ ከዚያ ወጣን። ያን ቀን ካውንቲው ፍርድ ቤት ስንደርስ የመዝገብ ክፍሉ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶት ስለነበር ለሚቀጥለው ሰኞ አሳደርነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠባቂዎቹ አባቴን ቀበቷቸውን አስፈትተው አሳለፏቸው። የመዝገብ ክፍሉ ዝም ያለ ሰፊ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ሌሎቹ ፈላጊዎች የሥራ ሰዎች ይመስላሉ፤ ቀና ሳይሉ ይጽፋሉ። ክለርኩ ፀጉሩ የሸበተ፣ የማይቸኩል ሰው ነበር። የስም ዝርዝሩ፣ ኢንዴክሱ፣ ውስጥ በላስት ኔም፣ በአባት ስም፣ እንድንፈልግ አሳየንና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። የአያቴ ስም በ«ጸ» ይጀምራል። ይህንን ፊደል እዚህ አገር አንዱ በቲ፣ ሌላው በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል፤ መሐሉ ላይ ያሉት አናባቢዎች ደግሞ እንደ ጸሐፊው ናቸው። ሥራዬ ላይ ቀኑን ሙሉ የማየው ነው። የእኛ ሰዎች ሲመጡ ወንድምና እህት እንኳ ስማቸው በሁለት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ አባትና ልጅ ደግሞ ላስት ኔማቸው ጭራሽ አይገናኝም። እኔ የአባቴን ስም ነው የያዝኩት። አባቴና አጎቴ የአያቴን። ስለዚህ እኔና አጎቴን በስም የሚያገናኘን ነገር የለም።

እኔ እጽፋለሁ፣ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያያሉ። አይደለም። አይደለም። ይሄ የናይጄሪያ ሰው ነው። ይሄ ሴት ናት። አንዴ የመጀመሪያ ስሙንና የአባቱን ስም አቀያይሬ ፈለግኩት፤ እሱም አልሆነም። ከሰዓት በኋላ፣ በኤስ ብቻ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ፣ አጎቴ ወጣ።

የጋብቻ ፈቃዱ ነበር። ዕድሜው፣ ሥራው፣ የተወለደበት አገር። የሴትየዋ ስም። ከታች የአባትና የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ ነበር። አባቴ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«እናታችንን ጽፏታል» አሉ። «በሙሉ ስሟ።»

ክለርኩ ኮፒ አደረገልን። ከዚያ ቤት የገዙበትን ሰነድ አገኘን፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ቤቱ በዲቮርስ፣ ሲፋቱ፣ ለሴትየዋ ብቻ የዞረበትን። ከዚያ ወዲያ ስሙ የለም። በሁሉም አጻጻፍ ሞከርኩት። በመጨረሻ ክለርኩን ጠራሁትና ከዚህ በኋላ የት ልፈልገው አልኩት።

«ቤት ከሌለው፣ ካልተከሰሰ፣ ኑዛዜ ካልተወ እኛ ጋ አይገኝም» አለ፤ በማዘን ነው ያለው። «ተከራይቶ በሰላም የሚኖር ሰው እዚህ ምንም አይተውም።»

የቀረን የሴትየዋ ስም ነበር። ብዙ ሰው የሌለው ስም ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጠይቀው ጠያይቀው ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ እንደሚኖሩ ደረሱበት። የሴትየዋን ስልክ ሰጡኝና ኮል አደረግኩላቸው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«የማን ልጅ ነኝ አልሽ?»

ደገምኩላቸው።

«አባትሽ በሕይወት አሉ?»

«አሉ። እዚህ አብረውኝ ነው ያሉት።»

«ኑ» አሉ። «ቅዳሜ ኑ።»

ወይዘሮዋ የሚኖሩት ከሱቆች ጀርባ ባለ አፓርትመንት፣ ምድር ቤቱ ነው። ጡረታ ወጥተዋል። ጥቁር ሻሽ አስረው በሩን ከፈቱና አባቴን ትክ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙ፤ አባቴ ለመከልከል አልደረሱም።

ተቀመጥን። ሻይ ቀርቦ ማንም አልነካውም።

«ሞተዋል ነበር ያለኝ» አሉ ወይዘሮዋ።

«ማን?» አሉ አባቴ።

«እርስዎ። አንድ ወንድም ነበረኝ ይለኝ ነበር። ደብዳቤ አትጻፍልኝ ብሎ ጻፈልኝ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ ይላል። በኋላ አንድ ሰው ከአገር መጥቶ፣ በዚያ ዘመን ከመምህራኑ ብዙ ሰው እንዳለቀ ነገረው። ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጠ። ለቅሶ ተቀመጠ እኮ። ይሄኛው ቤት ሳይሆን ያኛው ቤት፣ ሰው እየመጣ አጽናናው። ንፍሮውን የቀቀልኩት እኔ ነኝ።»

አባቴን ሳያቸው ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ምርኩዛቸውን ከጉልበታቸው ወደ ሶፋው አዛወሩት፤ ከዚያ መልሰው ወደ ጉልበታቸው።

«አለቀሰ?» አሉ።

«አላለቀሰም። ያኔ ቢያለቅስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ከእኔም ጋር ማውራት የተወው። መጥፎ ሰው አልነበረም። ሥራ ውሎ ይመጣል፣ ይበላል፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ወጣት ነበርኩ፤ ሰው እፈልግ ነበር። ተለያየን። ቤቱን ለእኔ ተወልኝ።»

«አሁን የት እንደሆነ ያውቃሉ?» አልኩ እኔ። መልሱን ከአቀማመጣቸው አውቄው ነበር፤ ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

ወይዘሮዋ ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ መለሱ። «መሞቱን የሰማሁት ከሞተ ከወራት በኋላ ነው። ብቻውን ነበር የሚኖረው። ማን እንደቀበረው ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ። ካውንቲው ወሰደው ነው ያሉኝ።»

አባቴ ተነስተው አመሰገኗቸው። በሩ ላይ ወይዘሮዋ «ይቅር ይበሉኝ» ሲሏቸው፣ «እርስዎ ምን አደረጉ?» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

መኪና ውስጥ ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው። ሞተሩን ሳላስነሳ ማውራት ጀመሩ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ተደረደሩት መኪኖች እያዩ።

«እውነቷን ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩለት። ከትምህርት ቤታችን ሁለት መምህራን ተይዘው ነበር። ከውጭ ደብዳቤ የሚመጣለት ሰው ይጠየቃል ይባል ነበር። እናትሽ ታላቅ ወንድምሽን አርግዛለች። ‹ለጊዜው አትጻፍልኝ› ነው ያልኩት። ለጊዜው ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«አታውቂም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በድሮው አድራሻው ሁለቴ ላክሁ፤ ሁለቱም ተመለሰ። አድራሻ ቀይሯል አልኩ። ወንድሜ ሞቷል ብሎ ተቀምጧል ብዬ እንዴት ላስብ?» ትንሽ ቆይተው፣ «ለጊዜው የምትለዋ ቃል ደብዳቤው ላይ ነበረች» አሉ።

ለእኔም ሆነ ለእናቴ ይህንን ነግረው አያውቁም ነበር። ሞተሩን አስነሳሁ።

ካውንቲው ወሰደው የሚለው ነገር ግን አልተወኝም። ሰኞ ብቻዬን ልሄድ አስቤ ነበር፤ ስነሳ አባቴ ክራባታቸውን አስረው ጠበቁኝ። ሸበቶው ክለርክ አስታወሰን። ወይዘሮዋ ያሉትን ስነግረው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ዘመድ ሳይገኝ ሲቀር የካውንቲው የፖሊስ ኃላፊ፣ ሸሪፉ፣ አስከሬኑ እንዲነሳ ዳኛውን ፈቃድ ይጠይቃል» አለኝ። «ያ ትእዛዝ እኛ ጋ ይቀመጣል። በስሙ አጻጻፍ ላይ እርግጠኛ ናችሁ?»

«አይደለንም» አልኩት።

ቆይቶ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ስሙ በሌላ አጻጻፍ ነበር፤ እኛ ካገኘነውም፣ ከሞከርነውም የተለየ። ለእኔ ሊሰጠኝ ሲል አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ተማሪ ሲያነብ እንደሚያደርገው ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስሄዱ አነበቡ። እኔ ከትከሻቸው በላይ አነበብኩ። አፓርትመንቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የሞተበት ቀን በእርግጠኝነት አልታወቀም፤ በዚህ ቀን አካባቢ ይላል። ተገቢው ፍለጋ ተደርጎ ጠያቂ ዘመድ አልተገኘም። አስከሬኑ ይቃጠል ዘንድ ፍርድ ቤቱ ፈቅዷል።

የአባቴ ጣት እዚያ ቃል ላይ ቆመ።

«አቃጥለውታል» አሉ በአማርኛ።

ክለርኩ ቋንቋውን ባያውቅም ገብቶት ነበር። «አይ አም ሶሪ» አለና ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

ዓመቱን አየሁት። ያኔ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ። ትዳርም ሥራም ይዤ፣ ከዚያ አፓርትመንት ቤልትዌዩ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት እንኳ በማይወስድ መንገድ ላይ። ሸሪፉ በአጎቴ ላስት ኔም ቢፈልግ እኔን አያገኝም። በእኔ ላስት ኔም ደግሞ የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። ተገቢ ፍለጋ ተደርጓል የሚለውን አምናለሁ። ሰዎቹ ፈልገዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በስልክ ነው ያሳለፍኩት። አመዱን የተቀበለው የቀብር ድርጅት ሠራተኛ በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ ሕጉ የሚለው ጊዜ አልፎ ማንም ካልመጣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ እንደሚቀበር ነገረችኝ። የአጎቴም እንዲሁ ሆኗል፤ ቦታው ላይ ምልክት የለም። ለይቶ ማውጣትም አይቻልም። የሞቱን ሰርተፊኬት ለማውጣት ደግሞ አባቴ ወንድሙ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቁን። የሁለቱም የልደት ወረቀት ይዛችሁ ኑ አሉን። አባቴ የተወለዱት ቤት ውስጥ ነው፤ አጎቴም እንደዚያው። ያኔ የመዘገባቸው ሰው የለም። የአባቴን በኋላ ከቀበሌ አውጥተናል፤ የአጎቴን ማን ያውጣ? የቢሮው ሠራተኛ ስፐርቫይዘሩን ጠየቀ፣ ስፐርቫይዘሩም ይቅርታ አለ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል አሉን። አባቴ ስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቁና ሲነገራቸው ፈገግ አሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው።

የቀራቸው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቄሱን ልናነጋግር ሄድን። አባቴ መጀመሪያ የጠየቁት የተቃጠለ ሰው ፍትሐት ይደረግለታል ወይ ብለው ነው።

«እሱ ፈቅዶ አላደረገው» አሉ ቄሱ። «ጸሎት እናደርግለታለን። ተዝካሩንም ታወጣላችሁ። ቀኑ ካልታወቀ አንድ ቀን እንመርጣለን፤ እግዚአብሔር ቀኑን ያውቀዋል።» ብዕራቸውን አነሱ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

 

«ወልደ የሚል አለበት» አሉ አባቴ።

«ወልደ ማን?» አሉ ቄሱ።

«ክርስትና ሲነሳ ነበርኩ። ልጅ ነኝ፣ ግን ነበርኩ። ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል። ያቀፉት የክርስትና አባቱ ነበሩ፤ ውኃው ነጠላቸውን አርሶት ነበር። ስሙን...» ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ የማውቀው ይመስል። «እናቴ ነበረች የምትጠራው። ስትቆጣው በዚያ ስም ነበር የምትጠራው።»

«ይቆዩ፣ ያስታውሱታል» አሉ ቄሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስሞች እየጠሩ ነበር። ወልደ እገሌ፣ ወልደ እገሌ። አንዳንዱን ደገም አድርገው በጆሯቸው ይመዝኑታል፤ ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ማታ ለሴቨን ኮርነርሷ ወይዘሮ ኮል አደረግኩላቸው። ጋብቻቸው በፍርድ ቤት ስለነበረ ቆርበው አያውቁም፤ የክርስትና ስሙንም ነግሯቸው አያውቅም። ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶችን ጠየቅን። በሕይወት ያሉት ሁሉ ከአጎቴ በኋላ የተወለዱ ናቸው። የክርስትና አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ስሙን አያውቁትም።

ቄሱ ‹ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህ› ብለን እንጸልያለን ብለው ነበር። አባቴ አልፈለጉም። «ካውንቲው እንኳ በሁለት ዓይነት ስም ጽፎታል፤ እኔ ወንድሙ ያለ ስም ላስጸልይለት?» አሉኝ። «ከእነዚያ አንዱን ብንሰጥስ?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተዝካሩ ሳይወጣ ዓመት አለፈ። አሁን ስሞቹን መሞከር ትተዋል፤ እኔም አላነሳውም። ባለፈው እሁድ ቄሱ በየቤተሰቡ የተመዘገቡትን ሙታን ስም እየጠሩ ሲጸልዩ አባቴ አጠገቤ ቆመው ነበር። የቤታችን ተራ ሲደርስ የእናቴ የክርስትና ስም ብቻ ተጠራ። ቀጥሎ የሌላ ቤተሰብ ሆነ፤ አባቴም ቁጭ አሉ።